አሮጌ አውቶማቲክ ፒያኖ ለማደስ፦ ጀማሪ የትኛውን መጽሐፍ መቼ ይክፈት?

በእግር እየተረገጠ፣ የተበሳ የወረቀት ጥቅል እያነበበ ራሱ የሚጫወተው ፒያኖ በ1910ዎቹና በ1920ዎቹ አሜሪካ ውስጥ በገፍ ተመርቷል (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ሬዲዮ ሲስፋፋና የ1929ኙ የኢኮኖሚ ውድቀት ሲከተል ገበያው ሞተ፤ ዕቃው ግን እስከ ዛሬ በየምድር ቤቱ ቆሟል። አሜሪካ ለሚኖር ሰው «በነጻ ነው፣ መጥታችሁ ውሰዱ» የሚል ማስታወቂያ ማግኘት አይቸግረውም። ችግሩ የሚጀምረው ከወሰደው በኋላ ነው። ጀማሪው ብዙ ጊዜ ጨርቅና ማጣበቂያ ቀድሞ ይገዛል፣ ከዚያ ይፈታል፣ መጽሐፍ የሚፈልገው 88ቱ ቱቦዎች ከተደበላለቁበት በኋላ ነው። እዚህ የምናስቀምጠው ቅደም ተከተል ተቃራኒው ነው፦ በየትኛው ደረጃ የትኛው መጽሐፍ ይከፈታል፣ ከእሱስ ምን ይወሰዳል፣ እጅ የሚገባው መቼ ነው።

የምንናገረው በፔዳል ስለሚሠራው የተለመደ ባለ 88 ድምፅ ቋሚ ፒያኖ ነው። በኮምፒውተርና በኤሌክትሪክ የሚሠሩት የቅርብ ጊዜዎቹ ሌላ ዓለም ናቸው።

አንድ መጽሐፍ ብቻ ከሆነ

የአርተር ሬብሊትዝን «ፕሌየር ፒያኖ ሰርቪሲንግ ኤንድ ሪቢልዲንግ» (1985) ግዙ። የአየሩን አሠራር፣ የመፍታቱን ሥርዓት፣ የሙጫና የጨርቅ ምርጫን፣ የየፋብሪካውን ልዩነት በአንድ ላይ የያዘ ሌላ መጽሐፍ የለም ብንል ብዙ አልተጋነነም። ጉድለቱ ለጀማሪ ጭነቱ የበዛ መሆኑ ነው። ከዳር እስከ ዳር ለማንበብ አትሞክሩ፤ የአየር መርሁን ክፍልና የራሳችሁን ፋብሪካ ክፍል አንብቡ፣ የቀረውን እየሠራችሁ ክፈቱት።

የላሪ ጊቨንስ «ሪቢልዲንግ ዘ ፕሌየር ፒያኖ» (1963) አጠር ያለና ቀለል ያለ ነው። እንደ መግቢያ ይጠቅማል። ሆኖም በ1960ዎቹና በ70ዎቹ ከወጡ ጽሑፎች ሁሉ የአሠራር መርሁን ውሰዱ፣ የዕቃ ምክሩን ግን ሳታረጋግጡ አትከተሉ። በዚያ ዘመን እንደ አዲስ ግኝት የተወደሱ አንዳንድ ፕላስቲክ ነክ ጨርቆች በጥቂት ዓመታት ተሰነጣጥቀው ሥራውን እንደገና አስጀምረዋል።

የሃርቪ ሮኤል «ፕሌየር ፒያኖ ትሬዠሪ» (1961) እና የዴቪድ ባወርስ ወፍራም ኢንሳይክሎፒዲያ (1972) ታሪክና ሥዕል የሚወድ ሰው ከእጁ የማያወርዳቸው ናቸው። ካቻቢቴ ለያዘ ሰው ግን ብዙም አይረዱም፤ ገንዘቡ ለጨርቅ ይዋል፣ እነሱ ይቆዩ።

1. በእጃችሁ ያለው ምን እንደሆነ ለዩ

ከፊት ተጽፎ የሚታየው ስም የፒያኖው ነው። አጫዋቹን ክፍል ብዙ ጊዜ የሠራው ሌላ ፋብሪካ ነው፦ ስታንዳርድ፣ ሲምፕሌክስ፣ አምፊዮን፣ ጉልብራንሰን፣ ኤዮሊያን። ለመጽሐፉ የሚያስፈልጋችሁ ይህ ሁለተኛው ስም ነው። የላይኛውን ሽፋን ከፍታችሁ በጥቅሉ ሳጥን ዙሪያ የተለጠፈ ጽሑፍ ወይም የብረት ሰሌዳ ፈልጉ። ካጣችሁ የቫልቮቹን አቀማመጥ ፎቶ አንሱና ከሬብሊትዝ ሥዕሎች ጋር አስተያዩ።

ቀጥሎ ትራከር ባር የሚባለውን፣ ወረቀቱ የሚያልፍበትን ባለ ቀዳዳ ዘንግ ተመልከቱ። በ1 ኢንች ውስጥ 9 ቀዳዳ ካለው ባለ 88 ነው፤ በ1908 ቡፋሎ ላይ አምራቾች ተስማምተው መለኪያው ያደረጉት ይህንኑ ነው፣ የወረቀቱም ስፋት 11¼ ኢንች ነው። በ1 ኢንች 6 ቀዳዳ ብቻ ከሆነ የቀድሞው ባለ 65 ነው፤ ዛሬ በሱቅ የሚሸጥ ጥቅል አይሠራለትም።

ቬልቴ ሚኞን፣ አምፒኮ ወይም ዱዎ አርት የሚል ጽሑፍ ካገኛችሁ ቁሙ። እነዚህ የፒያኒስቱን የጣት አመታት ጭምር፣ ጉልበቱንና ልስላሴውን ሳይቀር መልሰው እንዲያሰሙ የተሠሩ ናቸው። የየራሳቸው የፋብሪካ መመሪያ አላቸው፣ በዳግም ኅትመትም ይገኛሉ። ለመጀመሪያ ልምምድ ግን አይሆኑም፤ ሌላ ተራ ፒያኖ ፈልጋችሁ እጃችሁን አፍታቱ።

ዕድሜውን ለማወቅ ከላይ ሽፋኑን ስትከፍቱ የሚታየውን ተከታታይ ቁጥር ጻፉና «ፒርስ ፒያኖ አትላስ» ላይ ፈልጉት። ይህ መጽሐፍ የፒያኖ ስሞችንና የቁጥር ዝርዝሮችን የያዘ ነው። መግዛት አያስፈልግም፤ የፒያኖ ቃኚዎች ዘንድ አይጠፋም።

2. ፒያኖው ራሱ ይረባል?

እዚህ የሚከፈተው የዚያው የሬብሊትዝ ሌላው መጽሐፍ ነው፤ ስለ ተራ ፒያኖ ጥገናና ቅኝት የጻፈው (1976፣ ሁለተኛ እትም 1993)። የምትፈትሹት ሦስት ነገር ነው። የመቃኛ ችንካሮቹ በቁልፋቸው ሲሞከሩ ያለ ምንም ተቃውሞ የሚዞሩ ከሆነ የያዛቸው እንጨት ላልቷል፣ ቅኝትም አይቆምም። አውታሮቹን የተሸከመው የብረት ሰሌዳ የተሰነጠቀ ከሆነ ሥራው እዚያው ያበቃል። የባስ አውታሮቹ ድልድይ ከተሰነጠቀ ሊጠገን ይችላል፤ ዋጋው ግን አስቀድሞ ይታወቅ።

አጫዋቹን ክፍል አሳምሮ ማደስ የፈረሰ ፒያኖ አያድንም። ወራት የሚፈጅ ሥራ ነው፤ ይህችን አንድ ሰዓት አትዝለሏት።

3. አየሩን በወረቀት ላይ ሳሉት

ጀማሪ የሚስተው ትልቁ ነገር ይህ ነው፦ ከፔዳሉ በስተጀርባ ያሉት ወናፎች አየር አይነፉም፣ ይስባሉ። መሣሪያው የሚሠራው በስበት ነው፤ የመሬት ስበት ሳይሆን አየርን የመሳብ ኃይል ማለታችን ነው። የአንጥረኛን ወናፍ እያሰበ የሚጠግን ሰው ቫልቩን ሁሉ ገልብጦ ይረዳዋል።

ሁለቱ ወናፎች በእግር ተራ በተራ ሲረገጡ አየሩን ከውስጥ ያወጣሉ። አጠገባቸው ያለው ማጠራቀሚያ ወናፍ በውስጡ ባሉት ስፕሪንጎች ተከፍቶ ሊቆም ይፈልጋል፣ ስበቱ ደግሞ ያጥፈዋል፤ በሁለት ርግጫዎች መካከል ኃይሉ እንዳይቋረጥ የሚያደርገው እሱ ነው። ከዚያ ስበቱ ወደ ላይ፣ 88 ቫልቭና 88 ትንንሽ ወናፍ ወደያዘው ስታክ ይሄዳል።

የአንዷን ድምፅ ጉዞ ተከተሉ። ወረቀቱ የትራከር ባሩን ቀዳዳ እስከሸፈነ ድረስ ምንም አይሆንም። ብሱ ቀዳዳው ላይ ሲደርስ የክፍሉ አየር በቱቦው ገብቶ ከቫልቩ ሥር ያለችውን ስስ ቆዳ ያነሳታል። ቆዳዋ ቫልቩን ወደ ላይ ትገፋለች። ቫልቩም ትንሹን ወናፍ ከውጭ አየር ቆርጦ ከስበቱ ጋር ያገናኘዋል። ወናፉ በቅጽበት ይታጠፋል፣ በመታጠፉም መዶሻውን ወደ አውታሩ ይልካል። ብሱ ሲያልፍ በቱቦው የቀረው አየር በጠባቧ ማስተንፈሻ ቀዳዳ ይሳብና ቆዳዋ ትወርዳለች፣ ድምፁ ይለቀቃል። አንዳንዱ ፋብሪካ ለአንድ ድምፅ ሁለት ቫልቭ በተከታታይ ያደርጋል፤ መርሁ ግን ያው ነው።

መጽሐፉን ዘግታችሁ ይህን ጉዞ በእርሳስ መሳል እስክትችሉ ካቻቢቴ አታንሱ። የማስተንፈሻዋን ሥራ ማስረዳት ያቃተው ሰው ገና ነው። በኋላ ከሚገጥማችሁ ብልሽት ብዙው የሚተረጎመው በእሷ ነው፦ ከደፈነች ድምፁ ተጣብቆ ይቀራል፣ ከጠበበች ድምፁ ቶሎ ቶሎ መደጋገም ያቅተዋል፣ ከሰፋች ቆዳዋን የሚያነሳ አየር አይተርፍም። ስፋቷ በአብዛኛው ከ0.7 እስከ 1 ሚሊሜትር ነው፤ ስለዚህ በመርፌ «ላጽዳት» ብሎ መጎርጎር አሠራሯን ይለውጣል።

4. ሳትፈቱ ለኩ

አንድ ሜትር ቁመት ባለው ሰሌዳ ላይ ግልጽ ቱቦ እንደ ዩ ፊደል አጥፋችሁ እሰሩ፣ ቀለም የገባበት ውኃ እስከ ግማሹ ሙሉት፣ አንዱን ጫፍ ከስበቱ መስመር ጋር አገናኙ። በሁለቱ ዓምዶች መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት የስበቱ ልክ ነው፤ መጽሐፎቹ ሁሉ የሚጽፉት በዚህ፣ በውኃ ኢንች ነው። ደህና ፒያኖ ለስለስ ሲል 10 ኢንች አካባቢ፣ በኃይል ሲረገጥ ከ30 በላይ ያሳያል።

ከዚያ ትራከር ባሩን ባልተበሳ ወረቀት ሸፍኑ፣ ማጠራቀሚያው እስኪታጠፍ ርገጡ፣ እግራችሁን አንሱና ተመልሶ እስኪከፈት ያለውን ሰከንድ ቁጠሩ። ወደ ስታክ የሚወስደውን ትልቁን ቱቦ ነቅላችሁ አፉን በመድፈን ድገሙት። ሲደፈን ብዙ ከቆየ የሚያፈሰው ላይኛው ነው፤ ያኔም ቶሎ ከተከፈተ ታችኛው። ሰከንዶቹን ጻፉ፤ ከእድሳቱ በኋላ የምታመዛዝኑበት ቁጥር ይህ ነው።

በቫኪዩም ክሊነር መሞከር የሚወዱ አሉ። ክሊነሩ ብዙ ጊዜ ከ60 ኢንች በላይ ስለሚስብ ስሱን ቆዳ ይቀድዳል። የግድ ከሆነ በቱቦው ላይ የውጭ አየር የሚያስገባ ሰፊ ቀዳዳ ተዉለት፣ እያጠበባችሁም በውኃው መለኪያ ተቆጣጠሩት።

5. መፍታት

ፎቶ ከሦስት አቅጣጫ አንሱ። ከዚያ ቱቦ ከመንቀላችሁ በፊት ሁለቱንም ጫፍ በአንድ ቁጥር ምልክት አድርጉ። ብሎኖቹን እንደወጡበት ክፍል በየከረጢቱ አስቀምጡ፤ ርዝመታቸው በጥቂት ሚሊሜትር ይለያያል፣ ረጅሙ በአጭሩ ቦታ ሲገባ እንጨቱን አልፎ የአየር መንገድ ይበሳል። ይህ ከታደሰ በኋላ ምንጩ የማይገኝ ፍሳሽ ያመጣል።

የቱቦው ጎማ ጠንክሮ ከተሰባበረ እየሳባችሁ አትታገሉ፤ በርዝመቱ በምላጭ ቀድዳችሁ አውጡት። የነሐሱ አፍንጫ ከተነቀለ ወይም ከተጣመመ ሥራው እጥፍ ይሆናል። አንዳንድ ፒያኖዎች የእርሳስ ብረት ቱቦ አላቸው። ላዩ ላይ የሚታየው ነጭ ዱቄት መርዛም ነው፦ ጓንት አድርጉ፣ በብርጭቆ ወረቀት አትፈግፍጉት፣ በአፍ አትንፉበት።

ትንንሾቹ ወናፎች በየእንጨት ሰሌዳው ላይ በሙጫ የተያዙ ናቸው። ቀጭን ሰፊ ቢላ አሞቃችሁ በመገጣጠሚያው ቀስ ብላችሁ አስገቡ። ከመውጣታቸው በፊት ቁጥር ጻፉባቸው፤ ቁጥሩ ጨርቁ ላይ ሳይሆን እንጨቱ ላይ ይሁን፣ ጨርቁ ይጣላልና።

6. ከታች ጀምሩ

የሥራውን ተራ በተመለከተ ምክራችን ግልጽ ነው፦ ትልልቆቹን የፔዳል ወናፎችና ማጠራቀሚያውን አስቀድሙ። ክፍሎቹ ጥቂትና ትልልቅ ስለሆኑ እጅ ይለምድባቸዋል፤ ሲያልቁም ስታኩን የምትፈትኑበት ጤነኛ ስበት በእጃችሁ ይሆናል። ለእነሱ የሚሆነው ወፍራሙ የወናፍ ጨርቅ ነው፤ ለትንንሾቹ የሚሆነው ስሱ ጎማ ቀብ ጥጥ ነው። ሁለቱን ማቀያየር አይቻልም፦ ስሱ ለትልቁ ቶሎ ይቀደዳል፣ ወፍራሙ ለትንሹ ደንድኖ ምቱን ያደክማል።

ሙጫው የእንስሳ ሙጫ ይሁን። የሙጫውን ፍሬ በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ እስኪያብጥ ዘፍዝፉ፣ ከዚያ በሌላ የሞቀ ውኃ ዕቃ ውስጥ አስቀምጣችሁ ወደ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አሙቁት። ከ70 ሲያልፍ ጉልበቱን ያጣል፤ ቢፈላ ድፉት። ከብሩሹ ሳይቆራረጥ እንደ ቀጭን ክር የሚወርድ ከሆነ ውፍረቱ ልክ ነው። ለመያዝ የሚሰጣችሁ ጊዜ ከአንድ ደቂቃ ያነሰ ስለሆነ ጨርቁ አስቀድሞ ተቆርጦ ይዘጋጅ። የተረፈው በማቀዝቀዣ ካልተቀመጠ በጥቂት ቀን ይሸታል።

ነጭ ኮላ፣ ሲሊኮን ወይም ኤፖክሲ ለምን አይሆንም? ጨርቁ ከ30 እስከ 50 ዓመት ሊያገለግል ይችላል፣ ከዚያ ግን ሌላ ሰው ይፈታዋል። የእንስሳ ሙጫ በሙቀትና በእርጥበት ይለቃል፤ ኮላው ግን በእንጨቱ ውስጥ ሰርጎ ስለሚቀር አዲሱ ሙጫ እንዳይዝ ያደርጋል። ሲሊኮን ከገባበት እንጨት ብዙ ጊዜ ላዩ ተቆርጦ ይጣላል። መጽሐፎችም በዚህ ላይ አይስማሙም፣ በኮላ የሚፈቅዱ ታገኛላችሁ፤ እኛ የምንይዘው የመጀመሪያዎቹ ፋብሪካዎች የተጠቀሙበትን ነው።

7. አንድ ትንሽ ወናፍ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ

ከ88ቱ በፊት ሦስቱን ብቻ ሥሩ።

አሮጌው ጨርቅ ሳይገነጠል ወናፉ ሙሉ በሙሉ ሲከፈት የአፉን ስፋት ለኩና ጻፉ። ከዚህ ሰፍቶ ከተሠራ ጨርቁ ጎረቤቱን ይነካል፤ ከጠበበ ደግሞ መዶሻው አውታሩ ጋ አይደርስም። ሁለቱን ጣውላዎች እስከ ንጹሕ እንጨት ድረስ አጽዱ፤ ጠርዙ በብርጭቆ ወረቀት ሲታሽ እንዳይከብብ ወረቀቱን ጠፍጣፋ ሰሌዳ ላይ ለጥፋችሁ ወናፉን አንሸራትቱ። የማጠፊያው ጨርቅ ከላላ ቀይሩት፤ ጣውላዎቹ ወደ ጎን የሚወዛወዙ ከሆነ ወናፉ ያንኳኳል።

የጨርቁ ቁራጭ ወርድ የአፉ ስፋት ሲደመር የሁለቱ ጣውላ ውፍረት ሲደመር 3 ሚሊሜትር ነው። ርዝመቱ ዙሪያውን ሁሉ ከብቦ በማጠፊያው በኩል 1 ሴንቲሜትር ያህል መደራረብ አለበት። ሁለቱን ጣውላዎች በለካችሁት ስፋት የሚይዝ የእንጨት መደገፊያ ሥሩ፤ በዓይን ግምት 88 ወናፍ እኩል አይመጣም።

አሁን ሙጫውን በክፍት አፉ በኩል ባሉት ሁለት ጠርዞች ብቻ ቀቡ፣ የጨርቁን መሐል እዚያ ላይ አስቀምጡ፣ በአውራ ጣት ተጫኑ። ቀጥሎ አንዱን ጎን፣ ከዚያ ሌላውን፣ መጨረሻ ማጠፊያውን። ጨርቁ ሳይወጠር ሳይላላም ይዙር። ሙጫው እንደያዘ ትርፉን በሹል መቀስ ከጣውላው እኩል ቁረጡ፣ ጨርቁንም ወደ ውስጥ እጠፉትና ወናፉን ዝጉ፤ እጥፋቱ ከመጀመሪያው ቀን መልክ ይያዝ።

ከአንድ ሌሊት በኋላ ፈትኑ። ወናፉን ጨፍልቁ፣ የአየር ቀዳዳውን በጣት ድፈኑ፣ ልቀቁት። መከፈት አይገባውም። ቀስ እያለ ከተነፋ ማዕዘኖቹን ተመልከቱ፤ ሙጫው ቀድሞ የቀዘቀዘው ብዙ ጊዜ እዚያ ነው። ሦስቱ ካለፉ 85ቱን ቀጥሉ።

8. ቆዳና ቫልቭ

እዚህ ላይ መጽሐፉ ተከፍቶ አጠገባችሁ ይቀመጥ፤ ልኩ በየፋብሪካው ይለያያል። ቫልቩ የሚንቀሳቀስበት ርቀት በአብዛኛው 0.8 እስከ 1 ሚሊሜትር ነው። ከዚህ ከበዛ ስበት ይባክናል፣ ካነሰ ወናፉ ቀስ ብሎ ይታጠፋል። ስሷ ቆዳ ተወጥራ አትለጠፍ፣ በመጠኑ ጎድጎድ ትበል። ሙጫው በጠርዟ ብቻ ይሁን፤ ወደ መሐል ከፈሰሰ ትደነድናለች፣ ደካማ ስበትም አያነሳትም። የቆዳ ቫልቭ ጠርዝ ከተጠረበ ወይም ከጠነከረ ይቀየራል፤ በዘይት ማለስለስ አያዋጣም፣ ዘይቱ አቧራ ይሰበስባልና።

የአየር መንገዶቹ እንጨት የተሰነጠቀ ከሆነ ከውስጥ ሼላክ የሚባለውን የእንጨት ቫርኒሽ ቀቡት።

9. መልሶ መግጠምና ፍጥነት

አዲሱን ቱቦ ስትገዙ የአፍንጫዎቹን የውጭ ስፋት ለክታችሁ የውስጥ ስፋቱ ጥቂት የሚጠበውን ውሰዱ። ስትገጥሙ እጥፋት እንዳይኖረው ተጠንቀቁ፤ አንዲት እጥፋት አንድ ድምፅ ትዘጋለች።

ወረቀቱን የሚጎትተውን የአየር ሞተር ለመፈተን የፍጥነት ጠቋሚውን 70 ላይ አድርጉ። ቁጥሩ ለ10 ሲካፈል በደቂቃ የሚያልፈውን ጫማ ይሰጣል፤ 70 ማለት በአንድ ደቂቃ 7 ጫማ፣ ወደ 2.13 ሜትር ነው። ወረቀቱ ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጋችሁ በሰዓት ቁጠሩ። በኃይል ስትረግጡ ወረቀቱ የሚፈጥን ከሆነ የፍጥነት ተቆጣጣሪው በበቂ አይዘጋም፤ ማስተካከያው እሱ ላይ ነው። በለስላሳ ርግጫ እየዘገየ የሚቆም ከሆነ ግን መጀመሪያ ሞተሩን ራሱን ለፍሳሽ ፈትሹ።

ሳይበሳ የሚጮህ ድምፅ ካለ በመጀመሪያ የቱቦውን ሁለት ጫፍ፣ ቀጥሎ ከቫልቩ ሥር የተቀመጠ ስባሪ፣ ከዚያ ማስተንፈሻዋን ተመልከቱ። ጭራሽ የማይሰማውን ደግሞ ከትራከር ባሩ ጀምሩ፤ የወረቀት ብናኝ ቀዳዳዎቹን ይደፍናል፣ ለዚሁ የተሠራ ትንሽ የእጅ መሳቢያ ፓምፕ አለ። ብናኙን በመንፋት ማጽዳት ወደ ቫልቩ መላክ ነው።

የመጀመሪያው ጥቅል የመሞከሪያ ጥቅል ይሁን፤ 88ቱን ድምፅ ተራ በተራ ይጠራል፣ መደጋገምንና ፍጥነትን ይፈትናል። ከፒያኖው ጋር የተገኙት አሮጌ ጥቅሎች ወረቀታቸው ስለደረቀ፣ ወረቀቱ ወደ ጎን ሳይሸሽ በትራከር ባሩ መሐል ቀጥ ብሎ መሄዱን እስክታረጋግጡ አትጫኗቸው፤ ጠርዛቸው የሚቀደደው በመጀመሪያው ዙር ነው።